የመርዶ ነጋሪዋ መርዶ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ጉራራ ሽቅብ ሲወጣ፣ ሚኒባሱ ማርሽ ቀይሮ ማቃሰት በሚጀምርበት ቦታ አንድ መንደር አለ። በዚያ መንደር "ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚያውቀው ሟቹ ነው፣ ቀጥሎ ቀጸላ ናት፣ ዘመድ ሦስተኛ ነው" ይባል ነበር። ሟቹም ቢሆን ቀጸላ ካልነገረችው እርግጠኛ አይሆንም የሚሉ ነበሩ።

ቀጸላ መርዶ ነጋሪ ናት። እንዲህ ያለ ሹመት በእድሩ ደንብ ላይ የለም። ደንቡ የሚያውቃት ዕቃ ቤት ጠባቂ ብሎ ነው፤ የድንኳኑ፣ የወንበሩና የብረት ድስቱ ቁልፍ በክር ታስሮ ከማተቧ ጎን አንገቷ ላይ ይውላል። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ክፉ ወሬ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቱሉ ማንንም ሳያማክሩ የሚያንኳኩት የእሷን በር ነበር።

ሌላው ሰው መርዶ እንዴት እንደሚያረዳ የታወቀ ነው። ማታ "ትንሽ አሞታል" ይላል። በማግስቱ "ጠንቶበታል"። ከሰዓት በኋላ "እንግዲህ ጸልዩ"። ሰውየው ከተቀበረ በኋላም ትኩሳቱ ሲወጣና ሲወርድ ይሰነብታል። ቀጸላ በዚህ ትስቅ ነበር። "ሞት የሳል ሽሮፕ ነው እንዴ በማንኪያ የሚሰጠው?" ትላለች። የራሷ ሥርዓት ነበራት። ጎህ ሲቀድ ትሄዳለች፤ ስለት ያለውን ነገር ሁሉ ከአጠገብ ታስነሳለች፤ ፊት ለፊት ተቀምጣ እጅ ትይዛለች፤ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ከዚያ "ሞተ" ትላለች። "አረፈ" አትልም፣ "ተለየን"ም አትልም። ለምን ሲሏት፣ "'አረፈ' ያልከው ሰው መቼ እንደሚነሳ ይጠይቅሃል" ነው መልሷ። ባለ ሐዘኑ ሲጮህ አብራ ትጮኻለች፤ ሲደክመው ውሃ ታቀብለዋለች። ወደ ሁለት መቶ የሚጠጋ ሞት እንዲህ ነግራለች፤ አንድም ሰው "ለምን ነገርሽኝ" ብሎ ቂም ይዞባት አያውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ገባች። ሕመሙ አንጎሏን ነክቷል ተባለ። በሃያኛው ቀን ስትነቃ ልጇን ሒሩትን አወቀቻት፣ ባሏን ወልደ ሐዋርያትን አወቀችው፤ ከስንት ዓመት በፊት የእድሩን ድስት ተውሶ ሳይመልስ የጠፋውን ሰው ስም እንኳ ከነአያቱ ጠራች። የጠፋባት አዲሱ ነገር ነው። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ የሆነው ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ አያድርም። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ምሳ በልታ እጇን ሳትታጠብ "ዛሬ ምሳ የለም እንዴ?" ትላለች።

ሰፈሩ አዘነ። ካዘነ በኋላ ደግሞ ተጠቀመበት። ምስጢር ገብቶበት የማይወጣበት ጆሮ መቼ ተገኝቶ ያውቃል? ሰው በየተራ እየመጣ ሆዱን ይተነፍስላት ጀመር። ጎረቤቷ ጵርስቅላ የገዛ ባሏን በየቀኑ ታማላታለች። ያንኑ አንድ ሐሜት በየቀኑ እንደ አዲስ "ውይ! እሱ ሰውዬ?" እያለ የሚሰማ ወዳጅ፣ በመብራት ቢፈልጉ አይገኝም።

ወልደ ሐዋርያት የሞተው በተከታዩ መጋቢት ነው። ዕድሜ ልኩን የመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዳ የኖረ፣ ከዓመቱ ስምንቱን ወር መስክ የሚያሳልፍ፣ ጡረታ ወጥቶም ቤት መቀመጥ አቅቶት እንጦጦ ጫካ ሲዞር የሚውል ሰው ነበር። አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሲያስር ልቡ ቆመ። እንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ቀጸላ ደረቷን ደቃች፤ መቃብሩ ላይ ካልወደቅሁ አለች፤ አራት ሰው ያዛት። የቀብሩ አውቶቡስ ዳገቱን ወርዶ ሳይጨርስ ግን፣ ዙሪያዋን ጥቁር ለብሶ የተቀመጠውን ሰው አየችና፣

"ምነው፣ ማን ሞቶብን ነው? ወልዴስ የት ተቀመጠ?" አለች።

ነገሯት። እንደ አዲስ ጮኸች። በሦስቱ የድንኳን ቀናት አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተነገራት፣ ወልዴም አሥራ አንድ ጊዜ ሞተ። በመጨረሻ ጋሽ ቱሉ ከዘራቸውን መሬት መትተው ተነሡ።

"በቃ! ሴት ባሏን አንድ ጊዜ ነው የምትቀብረው። ከዛሬ ጀምሮ ወልደ ሐዋርያት መስክ ወጥቷል። ያለ ሌላ ነገር ያወራ ከእድሩ ይሰረዛል።"

ሒሩት አባቷን እንደገና የቀበረች ያህል እያለቀሰች ተስማማች። ኮቱን ከግድግዳው አወረደች፣ ጥቁር ልብሷን አውልቃ ሳጥን ውስጥ ቆለፈች።

ውሸቱ ጥሩ ውሸት ነበር። ችግሩ ለዚህ ሰፈር መሰጠቱ ነው። ይህ ሰፈር ደግሞ ወሬ ከነቅመሙ ካልሆነ አይወርድለትም፤ "መስክ ነው" ብሎ ማቆም ማንን ያረካል? ጋሽ ቱሉ ራሳቸው ጎሬ ነው አሉ። ሒሩት ሞያሌ ትላለች። ጵርስቅላ መተማ ካደረሰችው በኋላ በየቀኑ ታስደውለው ጀመር፤ "ትናንት እኮ ደውሎ ነበር፣ ተኝተሽ ነው፤ ማር ይዤላት እመጣለሁ በያት ብሏል።" በሕይወቱ አንድ መንገድ በቀጠሮው ጨርሶ የማያውቅ ሰው፣ ከሞተ በኋላ በሦስት አቅጣጫ ሦስት መንገድ ይሠራ ጀመር።

አልታዘዝ ያለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ነጠላዋ። ነጠላ በደህና ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሐዘን የገባው ሰው ግን ዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ አንገቱ ያደርገዋል። ቀጸላ ጠዋት ተነሥታ ነጠላዋን ስታነሣ ትዘቀዝቀዋለች። ሒሩት ሮጣ ታቃናላታለች።

"እማ፣ ጥለቱ ተገለበጠብሽ።"

"ውይ፣ ምን ነካኝ?"

ፊቷን ታጥባ ስትመለስ እንደገና ዘቅዝቃዋለች።

ሌላም ነበር። ጵርስቅላ ስትመጣ ቀጸላ ወንበሯን ሸሸት ታደርጋለች። ያመጣችላትን ዳቦ አትቀምስም።

"ምን አደረግኩሽ ቀጹዬ? ምን በደልኩሽ?"

"እኔ እንጃ። ደግ ሴት ነሽ፣ አውቃለሁ። ግን ስትስቂ፣ እንደሚሸጥ በቅሎ ጥርስሽን መቁጠር ያምረኛል።"

ይህን ሁሉ አይታ እንዲሁ ያላለፈችው ዶክተር ማዕዶት ናት። ማዕዶት ከዩኒቨርሲቲ የምትመጣ፣ ማስታወስና መርሳት ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ የምታጠና ወጣት ተመራማሪ ናት፤ በየማክሰኞው እየመጣች በየማክሰኞው ራሷን ታስተዋውቃለች። ሥራዋ ለሰፈሩ ጨዋታ ይመስላል። ኮከብ የተሳለበት ወረቀት ታስቀምጣለች፤ ቀጸላ እጇን ሳታይ፣ መስታወት ውስጥ ብቻ እያየች፣ በኮከቡ መስመር ላይ እርሳስ ትነዳለች። በመጀመሪያው ቀን እርሳሱ እንደ ሰከረ ሰው ሲንገዳገድ ዋለ። በአራተኛው ወር ግን እንደ ልብስ ሰፊ ቀጥ አድርጋ ትሄድበት ነበር፤ "እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔም አይቼ አላውቅም" እያለች።

"ማስታወስ አንድ ክፍል ቤት አይደለም፣ እትዬ ቀጸላ" አለቻት ማዕዶት። "የእርስዎ የታመመው፣ የሆነውን ነገር የሚመዘግበው ክፍል ነው። እጅ የሚማርበት፣ ሆድ የሚፈራበትና የሚወድበት ሌላ ክፍል አለ፤ እሱ እየሠራ ነው።" ከዚያ የድሮ ታሪክ ነገረቻት። መቶ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፤ አንድ የውጭ አገር ሐኪም እንደ ቀጸላ የምትረሳ ታካሚ ነበረችው። አንድ ቀን መዳፉ ውስጥ መርፌ ደብቆ ጨበጣት። ሴትየዋ ወዲያው ረሳችው፤ በማግስቱ ግን እጁን ሲዘረጋላት የራሷን ሰበሰበች። ለምን እንደሆነ አታውቅም።

"ባለጌ ሐኪም!" አለች ቀጸላ። "አንቺስ እጅሽን እስቲ አሳዪኝ?"

ማዕዶት ነጠላውን ካስተዋለች በኋላ ሒሩትን በተዘቀዘቀበት ቀን ሁሉ ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት እንድታደርግ ለመነቻት። ስለ ወልደ ሐዋርያት ግን አፏን እንዳትከፍት ቃል አስገብተዋታል፤ ቃሏንም ጠብቃለች፣ ቢጎረብጣትም።

እንዲህ እንዲህ ሲል የሙት ዓመቱ ሊደርስ አራት ቀን ቀረው። ምክሩ አልቋል። ቅዳሜ ሒሩት እናቷን፣ እሷን ለማስታመም ትታው ወደ መጣችው የሲ.ኤም.ሲ ቤቷ ወስዳ ታውላታለች፤ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ካህናት ይመጣሉ፣ ዘመድ ይበላል፣ ሲመሽ ድንኳኑ ይነሣል። የገዛ ባሏ ዓመት፣ የገዛ ግቢዋ፣ እሷ ብቻ የለችበትም።

ያን ማክሰኞ ማዕዶት እንደ ልማዷ የፈቃድ ወረቀቷን አነበበች። ቀጸላ ስለምትረሳ በየሳምንቱ አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል። "በፈለጉ ጊዜ ጥናቱን ማቋረጥ ይችላሉ። ስለ እርስዎ የተገኘውን ነገር ጠይቀው እውነተኛ መልስ የማግኘት መብት አለዎት።" ቀጸላ እየሳቀች ፈረመች። ብዕሩን ሳታስቀምጥ ጋሽ ቱሉና ጵርስቅላ ገቡ። የመጡት ለቁልፉ ነው። የሰፈሩ ሰው ስለ ሁሉም ነገር ሲመክር፣ ድንኳኑ ያለበት ዕቃ ቤት ቁልፍ ማን አንገት ላይ እንዳለ ያሰበ አልነበረም።

"ቀጸላ፣ እስቲ ያንን የዕቃ ቤት ቁልፍ" አሉ ጋሽ ቱሉ።

"የማን ጉዳይ ነው?"

ጋሽ ቱሉ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጵርስቅላ ቀደመቻቸው። "ሰርግ ነው ቀጹዬ! ሰርግ!"

ቀጸላ ፊቷ ያለውን ሳህን አየች። ሽሮ ነው፣ በዘይት።

"ዛሬ ቀኑ ማን ነው?"

"ማክሰኞ" አለች ማዕዶት፤ ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የምትጠይቀው እሷ ስለነበረች ሳታስበው አመለጣት።

"በማክሰኞ የጾም የሚበላው በጾም ወራት ነው" አለች ቀጸላ። ትናንትን አታውቅም፤ ሽሮ ግን ታውቃለች። "በጾም የሚያጋባው ቄስ ማን ይባላል? ስሙን ንገሪኝና ቤተ ክህነት ሄጄ ላመስግንለት።"

ቀጸላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጋሽ ቱሉ መሬት፣ ጵርስቅላ መሬት፣ በሩ ላይ የቆመችው ሒሩትም መሬት ያያሉ። ቀጸላ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠችው።

"ሦስታችሁም እግሬን ነው የምታዩት። ሰው እንዲህ የሚሆነው መቼ እንደሆነ እኔ ነኝ ለዚህ ሰፈር ያስተማርኩት። አንቺ ልጅ፣" ወደ ማዕዶት ዞረች፣ "ማን እንደሆንሽ አላውቅም። ግን ይህ ወረቀት ላይ ፊርማዬ አለ፤ ቀለሙም አልደረቀም። እውነት የማግኘት መብት አለዎት ይላል። ምን አገኘሽብኝ?"

ማዕዶት ወደ ሒሩት አየች። ሒሩት ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም ነው። ማዕዶት ወረቀቱን አየች።

"ካለፉት ሠላሳ ቀናት ሃያ ስድስቱን ነጠላዎን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ልጅዎ ታቃናልዎታለች፣ እርስዎ መልሰው ይዘቀዝቁታል።"

የቀጸላ እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። ጥለቱን አገኘው።

"ወልዴ የት ነው?"

"ጎሬ!" አሉ ጋሽ ቱሉ።

"ሞያሌ" አለች ሒሩት።

"መተማ፣ ትናንት ደው..." ጵርስቅላ አልጨረሰችውም።

ቀጸላ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

"ያ ግሬደር ክንፍ አወጣ እንዴ? ውሸት እንኳ ተማክራችሁ አትዋሹም? ቁጭ በሉ። ሁላችሁም! ጵርስቅላ፣ ያንን ቢላዋ ከዚህ አንሺ። ሒሩት፣ ነይ። ፊት ለፊቴ ተቀመጪ። እጄን ያዢ። ስሙን ጥሪው፣ ከዚያ የሆነውን በዪ። እንዳታሽሞነሙኚው።"

"እማ፣ አልችልም።"

"እኔም ስጀምር አልችልም ነበር።"

ሒሩት የእናቷን እጅ ያዘች። "አባዬ... ወልደ ሐዋርያት ሞተ።"

ቀጸላ ጮኸች። ጵርስቅላም ጮኸች፤ ዓመት ሙሉ አፍና የያዘችው ጩኸት ነበርና ከሁሉም በላይ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ቀጸላ እንባዋን በጥለቱ ጠረገችና ተመራማሪዋን አየቻት።

"እረሳዋለሁ አይደል? በስንት ደቂቃ?"

"አሥር ገደማ።"

"ስለዚህ ቶሎ በሉ። ጋሽ ቱሉ፣ የእድሩን መዝገብ ያውጡና ይጻፉ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ?"

"እኔ ቀጸላ የባሌ የወልደ ሐዋርያት ሞት በየቀኑ ጎህ ሲቀድ ይነገረኝ። በቀን መሐል ከጠየቅኩም ይነገረኝ። የዓመቱ ለት ከግቢዬ እንዳልወጣ። የሚነግረኝ ሰው 'አረፈ' እንዳይል።"

ጋሽ ቱሉ ብዕሩን ወረወሩት። "በየቀኑ እንግደልሽ? ይህ ጭካኔ ነው! እኔ ያዘንኩልሽ መስሎኝ ነበር።"

"አዝነውልኛል ጋሽ ቱሉ። ሐዘኑን ግን ለራስዎ አስቀሩት። ሁለት መቶ ሰው አልቅሷል በእኔ አፍ፤ ያን ጊዜ ጨካኝ ያለኝ የለም። የኔ ተራ ሲደርስ ነው መርዶ ክፉ የሆነው? ሆዴ የሚያውቀውን ነገር አፋችሁ ሲክደኝ፣ ያበድኩ እየመሰለኝ በየቀኑ ጥለት ሳገላብጥ እኖራለሁ። ያማል ብላችሁ ከሆነ፣ ይመመኝ! ባሌ ነው፤ የሚያመኝ እኔን ነው።"

"እኔስ እማ?" አለች ሒሩት። "በየቀኑ አባቴን እኔ ልግደለው?"

ቀጸላ የልጇን ጉንጭ ዳበሰች። "አንቺ አትገድይውም፤ ሞቷል። ብቻሽንም አትሸከሚውም። እድሩ ቃሬዛ ሲሸከም በተራ ነው፤ ይህንንም በተራ ያዙት።"

ጋሽ ቱሉ ብዕሩን ከመሬት አነሡ። የተራውንም ነገር ጨምረው ጻፉ። ቀጸላ አነበበች፣ ፈረመች፣ መዝገቡን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ቀና ብላ ቤት የሞላውን ሰው አየች።

"እንግዶች አሉን እንዴ? ምነው ሁላችሁም አልቅሳችኋል?" ከዚያ ጭኗ ላይ የተከፈተውን አየች። የራሷ ፊርማ ነው። አነበበችው። እጇ እንደገና ወደ ጥለቱ ሄደ። "የማን ተራ ነው?" አለች በመጨረሻ።

ቅዳሜ ሲ.ኤም.ሲ አልሄደችም። ዕቃ ቤቱን በገዛ ቁልፏ ከፈተች፣ ድንኳኑ ሲተከል ካስማው ላልቷል ብላ ተቆጣች፣ በባለ ሐዘን ቦታ ተቀመጠች። በፍትሐቱ መሐል ሁለት ጊዜ "ማን ሞቶ ነው?" አለች፤ ሁለት ጊዜ ተነገራት። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች አንገታቸውን ነቀነቁ። "ምን ዓይነት አረመኔ ሰፈር ነው?" ሲሉ ሰምታ፣ "በመዝገብ የሰፈረ አረመኔነት ነው፣ ከፈለጋችሁ ላሳያችሁ" አለቻቸው።

ተራው በየጠዋቱ ቀጠለ። ሒሩት፣ ጋሽ ቱሉ፣ የሱቁ ሰው፣ ጵርስቅላ። ማዕዶት ልቅሶውን በሰዓት ትለካለች። ጋሽ ቱሉ በሳምንት ውስጥ ትሞትብናለች ብለው ፈርተው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሃምሳ አምስት ደቂቃ አለቀሰች፤ ምክንያቱን በአሥረኛው ደቂቃ ብትረሳውም እንባው አልቆመም። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሃያ ወረደ። ከፋሲካ በኋላ ስምንት ሆነ። ወሬውን በየጠዋቱ እንደ አዲስ ነው የምትሰማው፤ አንድም ቀን "ነግራችሁኛል" ብላ አታውቅም። ለቅሶዋ ግን መንገዱን እየለመደው ሄደ፤ በመስታወት ኮከብ እንደምትነዳው እርሳስ። ማዕዶት ማስታወሻዋ ላይ በጥንቃቄ "የአንድ ሰው ውጤት ነው፣ ገና ይጠናል" ብላ ጻፈች። ሰፈሩ እንደ እሷ አይጠነቀቅም፤ "ሐዘኗ ፊደል ቆጠረ" አለ፣ ወሬውም ከጉራራ ኮተቤ ደረሰ።

ነጠላዋን አሁንም ትዘቀዝቀዋለች። ሮጦ የሚያቃናው የለም።

በግንቦት አንድ ጠዋት የጵርስቅላ ተራ ደረሰ። ጭጋጉ ከእንጦጦ ገና አልተነሣም። ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ቀጸላም ወንበሯን አላሸሸችም፣ የተዘረጋላትን እጅ ያዘች። ለምን እንደያዘችው ብትጠየቅ አታውቅም። ጵርስቅላ ግን ያን ቀን ሆዷ ባባ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ቀጹዬ... ወልደ ሐዋርያት አረፈ" አለች።

የቀጸላን ዓይን እንባ ሞላው። ዋጠችው፤ ቅንድቧን ሰቀለች፤ የያዘችውን እጅ ጨመቅ አደረገችው።

"አረፈ? ታዲያ መቼ ይነሣል ልበልሽ? አስተካክለሽ ንገሪኝ፣ አንቺ ሴትዮ! ድገሚው!"